ሁልጊዜ ሦስተኛው ሳምንት ላይ

የደረሰን ደብዳቤ፣ አጠር ተደርጎ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ ለገሃር አካባቢ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ያደግኩት ፒያሳ ነው። ቤታችን ከደብሩ ሦስት ደቂቃ ነበር፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ገብቼ መዘምራን ውስጥ አገለግል ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ፈርሶ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገባን። ከዚያ ወዲህ እኔ እኔን አልመስልም። ጾም በገባ ቁጥር ‹በቃ፣ ዘንድሮስ› እላለሁ። ባለፈው ዓቢይ ጾም በቀን ሦስት ንጉሥ ዳዊት፣ 41 ስግደት፣ ጠዋት ኪዳን፣ እስከ 9 ሰዓት መጾም ብዬ ጀመርኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተውኩት። ሁልጊዜ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ስተው ደግሞ ሁሉንም ነው የምተወው፤ ቅዳሴም እቀራለሁ። የንስሐ አባቴን ካገኘኋቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ስልካቸው አለኝ፣ ግን አፍራለሁ። የአዲሱ ሰፈር ደብር ልቤ አልገባም። እናቴም ከመጣን ጀምሮ ትነጫነጫለች። አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ በመንፈሳዊ ሕይወቷ የት ደርሳለች፣ እኔ ገና ‹ሀ› ላይ ነኝ። ድሮ ስዘምር እንባዬ ይመጣ ነበር፤ አሁን ልቤ ደረቅ ነው። እምነቴ ጠፍቶ ይሆን? እንደ እኔ ዓይነት ሰው እስከ መጨረሻ መጽናት ይችላል? — ደካማዋ ከፒያሳ»

ደካማዋ እህቴ፣

አራብሳ ተቀምጠሽ «ከፒያሳ» ብለሽ ፈርመሻል። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለቴም ዓይኔ የቆመው እዚያ ላይ ነው።

አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ካህን አይደለሁም። ስለ ቀኖና፣ ስለ ቅዱስ ቁርባን የምትጠይቂው ካለ መልሱ እኔ ጋ የለም። አራት ኪሎ ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ፣ ብዙ ጾም ጀምሬ ብዙ ጾም ያበላሸሁ ሴት ነኝ። በዚያው ልክ ስሚኝ።

እምነቴ ጠፍቶ ይሆን ብለሻል። እኔ ደብዳቤሽ ውስጥ ጠፍቶ ያገኘሁት ሰፈር ነው። ፒያሳ እያለሽ የሌሊቱ ሰዓታት ድምፅ አልጋሽ ድረስ ይመጣ ነበር። ነጠላሽን ለብሰሽ ስትወጪ ሁለት ሦስት ጎረቤት አብሮሽ ይወጣል። አንድ እሑድ ብትቀሪ ቡና ላይ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። የመዝሙር ጥናት ብትቀሪ በርሽ ይንኳኳል። ያኔ ብርቱ ነበርኩ ብለሽ ታስቢያለሽ። ነበርሽም። ግን የሸክምሽን ግማሽ ሰፈሩ ነበር የሚይዝልሽ። አሁን የሚያንኳኳ የለም። የሚቀሰቅስሽ ስልክሽ ነው፤ እሱንም ዓይንሽን ሳትገልጪ ታጠፊዋለሽ።

ሙሉ ሸክሙን ብቻሽን ስታነሺ ይሄ የመጀመሪያሽ ነው። ቢከብድሽ ምን ይገርማል?

ቅዱስ ጳውሎስ በዕብራውያን መልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ ወተት የሚጋቱትንና ጠንካራ ምግብ የሚበሉትን ይለያል። ጠንካራውን የሚችሉት፣ መልካሙን ከክፉ ለመለየት ልቡናቸው በሥራ የለመደ ናቸው ይላል። ልብ በይ፣ ልባቸው የሚሞቅ አላለም። የለመደ ነው ያለው። እናቶቻችን ልጅ ጡት ሲያስጥሉ እሬት ይቀቡ ነበር። ልጁ አፉን ያስጠጋል፣ ይመረዋል፣ ይጮኻል። እናቴ ጠላችኝ የሚል ይመስላል። እናትየው ግን ጓዳ ገብታ ገንፎ እያገነፋችለት ነው። የዛሬው ድርቀትሽ ከዚያች ከእሬቷ ቀን ጋር ይመሳሰልብኛል። እንባው ጥሩ ነበር፤ ሲመጣም አትከልክዪው። ጸሎትሽ መድረሱን ግን በእንባ አትለኪ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሳምንትሽ።

ሰንበት ትምህርት ቤት ስላደግሽ የሳምንቶቹን ስም ታውቂዋለሽ፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ ከዚያ መጻጉዕ። አንቺ ሁልጊዜ ምኩራብ ላይ ትወድቂና መጻጉዕ ሳይደርስ ትሄጃለሽ። የሚያናድደኝ እሱ ነው። አባቶች አራተኛው ሳምንት ላይ ያስቀመጡት ማንን ነው? 38 ዓመት የተኛን ሰው። አንቺ ገና 29 ነሽ! ዕድሜሽን ሙሉ ተኝተሽ ቢሆን እንኳ ዘጠኝ ዓመት ይቀርሻል። ጌታ ወደዚያ ሰው መጥቶ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። ሰውየው አዎ አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ የለም፣ ሌላው ይቀድመኛል። ጓደኛዬ የት ደርሳለች እንደምትዪው መሆኑ ነው። ጌታ ግን ለምን አጉረመረምክ ብሎ አልተቆጣውም። ተነሣ፣ አልጋህን ተሸከም፣ ሂድ ነው ያለው።

የጾሙ እኩሌታ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ አምስተኛው ሳምንት፣ ደብረ ዘይት ላይ። 55 ቀን ረጅም መሆኑን፣ መሀሉ ላይ ሰው እንደሚዝል ቤተ ክርስቲያን ሳታውቅ የቀረች ይመስልሻል? ታውቃለች። ለዚህ ነው የዛለ ሰው ታሪክ እዚያ ቦታ የተነበበው። አንቺ ግን ስምሽ ሊጠራ ሲል ከጉባኤው እየወጣሽ ነው።

ዕቅድሽንም አየሁት። ሦስት ንጉሥ ማለት 30 መዝሙር ነው። 41 ስግደት። ኪዳን። ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ ለገሃር። ከዚያ በባዶ ሆድ እስከ 9 ሰዓት የሰው ብር መቁጠር። ማታ ደግሞ ያንኑ ሰልፍ ወደ ኋላ። ያቺ ብር መቁጠሪያ ማሽን እንኳ እንዲህ ብትሠራ ትቆማለች። ይሄን ሥርዓት ማን ሰጠሽ? የንስሐ አባትሽን ሁለት ዓመት አላገኘሻቸውም። እንግዲህ ለራስሽ ራስሽ ሰጠሽ ማለት ነው።

ትንሽ ይቆረቁርሽ ይሆናል፣ ግን ልበለው። ዕቅዱ ያን ያህል የገዘፈው የሁለት ዓመቱን በአንድ ጾም ልትከፍዪ ስለፈለግሽ ነው። ባንክ ነው የምትሠሪው፣ ውዝፍ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ጸሎት ውዝፍ የለውም። ትናንት ያልደገምሽው ዳዊት ዛሬ ላይ ከነወለዱ አይደመርም። ንስሐ ያለብሽን ንስሐ ትገቢበታለሽ፤ ከዚያ የዛሬውን የዛሬ ትጸልያለሽ። ያዕቆብ በመልእክቱ መጀመሪያ ትዕግሥት ሥራውን ይፈጽም ይላል። ይፈጽም ማለት ጊዜ ስጡት ማለት ነው።

የራሴን ልንገርሽ። ሃያ ስድስት ወይ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። እኔም እንዳንቺ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያዝኩት። ሰገድኩ፣ ደገምኩ፣ ቀጠንኩ። ሰው «አምሮብሻል፣ ፊትሽ ላይ ጸጋ አለ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስመለስ ታናሽ እህቴ ሽሮዬን ሠርታ ጠበቀችኝ። ያማሰለችበትን ማንኪያ አየሁት፤ ለታመመው ሕፃን ወንድማችን ገንፎ ላይ ቅቤ ያደረገችበት ነው። እንዴት እንደጮኽኩባት! ድስቱን እንዳለ ወስጄ ደፋሁት። ገና እየተንተከተከ ነበር። ልጅቷ ቆማ አየችኝ፣ አንድ ቃል አልተናገረችም። እናቴ ማንኪያውን አንሥታ እያጠበች፣ ሳታየኝ፣ «ቅቤውስ በውኃ ይለቃል። ያልሻትን በምን ልጠበው?» አለችኝ።

ያን ጾም ጨረስኩት፤ አንዲት ቀን አልገደፍኩም። እህቴን ያነጋገርኳት ግን ለፋሲካ ነው።

ይሄን ያመጣሁት ደብዳቤሽ ውስጥ ሮጥ ብለሽ ያለፍሻት አንዲት ዐረፍተ ነገር ስላለች ነው። «እናቴም ከመጣን ጀምሮ ትነጫነጫለች።» በቃ፣ ይቺው ናት። ስለ ስግደትሽ ቁጥር ጽፈሽልኛል፣ ስለ እናትሽ ግን ሌላ ቃል የለም። እስቲ አስቢያት። አንቺ ጠዋት ወጥተሽ ሥራ ትሄጃለሽ፣ ሰው ታያለሽ። እሷ ዕድሯን ትታ ነው የመጣችው። የጽዋ ማኅበሯ ተበትኗል። ቡና የምትጠራራቸው ሴቶች አንዷ እዚህ አንዷ እዚያ ገብተዋል። ደጀ ሰላሙ አጠገብ የምትቀመጥባት ድንጋይ እንኳ ነበረቻት ይሆናል። አሁን ከደረጃው ወርዳ ለመውጣት ጉልበቷ እሺ አይላትም። ብትነጫነጭ ማን ላይ ትነጫነጭ? ያለሻት አንቺ ነሽ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የመንፈስን ፍሬ ሲዘረዝር ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ ቸርነት እያለ ይሄዳል። አንድም በጣት የሚቆጠር ነገር እዚያ ውስጥ አላገኘሁም። ስግደት አያስፈልግም እያልኩሽ አይደለም፤ እኔም ጉልበቴ እስከፈቀደ እሰግዳለሁ። ግን መብሰልሽን ልትለኪው ከፈለግሽ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደክሞሽ በሩን ስትከፍቺ፣ እናትሽ «አሁን ነው የሚገባው?» ስትልሽ የምትመልሽላትን ለኪ።

እንግዲህ ምን ላድርግ ትዪኛለሽ።

መጀመሪያ ስልኩን ደውዪ። ሰዎች እንዳንቺ ተስፋ ለቆረጠ ሰው የቅዱስ ያሬድን ትል ያነሣሉ። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ የወጣችውን። አንቺም መቶ ጊዜ ሰምተሻታል፣ አልደግምልሽም። የማይነሣው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያሬድ ትሏን አይቶ ከዛፉ ሥር ሲነሣ ወዴት ሄደ? ተገርፎ ወደሸሸው ወደዚያው መምህር፣ ወደ አባ ጌዴዎን። ይቅርታ ጠይቆ፣ እንደገና አስተምሩኝ ብሎ። ብቻውን ሌላ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ልሞክር አላለም። አንቺ ስትወድቂም ስትነሺም ብቻሽን ነሽ፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚጥልሽ ከሁሉ በላይ ይሄ ይመስለኛል።

ምን ብዬ ልጀምር እንዳትዪ፦ «አባቴ፣ እኔ ነኝ። ጠፍቼ ነበር። መቼ ልምጣ?» በቂ ነው። የማይቆጡ ከሆነ ጥሩ፣ ቢቆጡም የአባት ቁጣ ነው። እሳቸው ራሳቸው እኮ ከሰፈሩ መፍረስ በኋላ የንስሐ ልጆቻቸው ወዴት እንደተበተኑ እየጠየቁ ይሆናል። ስትሄጂ ዕቅድሽን ይዘሽ እንዳትቀርቢ። የምትነሺበትን ሰዓት፣ የመንገዱን ርዝመት፣ የቤቱን ሁኔታ ንገሪያቸው፤ የሚበቃሽን እሳቸው ይስጡሽ። ርቀቱ አልቻል ካለሽና አጠገብሽ ያለ አባት መያዝ ከፈለግሽም ነግረሻቸው፣ አስፈቅደሽ ነው። ዝም ብሎ መጥፋት ይብቃ።

እስከዚያው ድረስ ከሠላሳው መዝሙር አንዱን ያዢ። አንድ። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ብትጨምሪ ደግሞ ይበቃሻል። አባቶች ውዳሴ ማርያምን ለሰባት ቀን ከፋፍለው የሰጡን እኮ በየቀኑ እንድንችለው ነው። ሁሉንም በአንድ ማለዳ ጨርሱት ያለ የለም። ቦታና ሰዓት ቁረጪለት። መገናኛ ሰልፍ ላይ ስትቆሚም «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ይቻላል፤ ጆሮሽ ላይ የሰካሽውን ስብከት ግን ለአፍታ አውጪው። በቀን ሦስት ሰባኪ ሰምቶ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አለመድገም የዘመኑ በሽታ ነው፤ እኔም አለብኝ።

ሦስተኛው ሳምንት ይመጣል። አንድ ቀን ያመልጥሻል። ያኔ የምልሽ ይቺን ነው፦ አንዲት እንጀራ ምጣድ ላይ ብትቀደድብሽ ሊጡን አትደፊም። የተቀደደችውን አንሥተሽ ሌላ ትጋግሪያለሽ። አንቺ ግን ዳዊቱ ሲያመልጥሽ ጾሙን፣ ጾሙ ሲያመልጥሽ ቅዳሴውን፣ ሁሉንም ትደፊዋለሽ። ምሳሌ 24 ላይ ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሣማል ይላል። ጻድቅ ብሎ ነው የጠራው፣ ሲወድቅም። እስከ መጨረሻ መጽናት ለእኔ ይቻላል ወይ ላልሽው መልሴ እሱ ነው። ያልደገምሽውን ለማካካስ ሳትሞክሪ በማግሥቱ ከዚያችው ከአንዷ መዝሙር ቀጥዪ።

ስለ ደብሩ። ይሄ ላይ አስተያየቴ ቁርጥ ያለ ነው። በየሳምንቱ አራብሳ፣ በወር አንዴ ፒያሳ። ልብ እስኪገባ ብትጠብቂ አይገባም፤ የምትገቢው አንቺ ነሽ። ድምፅ ማጉያው ሊጮኽብሽ ይችላል፣ የሚያውቅሽ ሰው ላይኖር ይችላል። ከፊትሽ የቆመችውን ሴትዮ ከቅዳሴ በኋላ «እንኳን አደረሰዎ» በያት። እሷም ከአንድ ከፈረሰ ሰፈር መጥታ ይሆናል። የድሮው ደብር ወርኃዊ በዓል ሲሆን ደግሞ እናትሽን ይዘሻት ሂጂ። መኪና ኮንትራት ያዢላት፤ በወር አንዴ ነው፣ ለሌላ ነገር ከምታወጪው አይበልጥም። የተበተኑትን ሴቶች እዚያ ታገኛቸዋለች።

ጓደኛሽን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። የት እንደደረሰች አንቺም አታውቂም። የምታዪው ስልኳ ላይ የምትለጥፈውን ነው።

አንድ ነገር ግን ጠይቄሽ ልለፍ። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ምግብሽስ? ኤልያስ በረሃ ገብቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ሲተኛ፣ መልአኩ መጥቶ ለምን ጸሎት ተውክ አላለውም። እንጎቻና ውኃ ነው ያመጣለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ደግሞ ቀሰቀሰውና መንገድህ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው። እግዚአብሔር ያናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ቤትን የሚያህል ነገር ያጣ ሰው ሐዘን ይገባዋል፤ ሐዘን ደግሞ የእምነት ጉድለት አይደለም። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ማንኛውም ነገር ካስጠላሽና ሳምንታት ካለፈ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጸበሉንም ተጠመቂ፣ መድኃኒቱንም ዋጪ። ሁለቱን የሚያጣላብሽ ሰው ካለ አትስሚው።

ወደ አባትሽ ስትደውዪ ሰዓት ምረጪ። ጾም ከሆነ ከ6 ሰዓት እስከ 9 ቅዳሴ ላይ ስለሚሆኑ አያነሡም፤ አላነሡም ብለሽ ደግሞ እፎይ እንዳትዪ። ማታ ከሠርክ ጸሎት በኋላ እንደገና ሞክሪ።